የቀኙ ክዳን ጭረት

ጥርስ ሠሪው በዓለም ላይ አማቱን ያህል የሚፈራው ሰው አልነበረውም። ሽማግሌው ክፉ ሆነው አይደለም። ክፉ ቢሆኑ እንዲያውም ይሻል ነበር፤ ከክፉ ሰው ጋር ተጣልቶ መታረቅ ይቻላል። ችግሩ ጨዋነታቸው ነበር። ልጃቸውን ካገባ ጀምሮ በራቸውን አልፎ በገባ ቁጥር ከወንበራቸው ብድግ ይሉና «እንደምን ዋሉ? እባክዎ ይቀመጡ» ይሉታል። የገዛ ልጃቸውን የሚያህለውን ሰው! የሰፈሩን ጎረምሳ ሁሉ «አንተ ወፈፌ!» «አንተ ቀዥቃዣ!» እያሉ በፍቅር ሲሰድቡ የሚውሉ ሰው፣ እሱ ላይ ሲደርሱ ሚኒስትር የሚቀበሉ ይመስላሉ። ሻዩ በደህናው ብርጭቆ ይመጣል፣ የሶፋው ትራስ ይስተካከላል፣ ስለ አየሩ ይወራል። የአየሩ ወሬ ሲያልቅ ሁለቱም ብርጭቆ ብርጭቆአቸውን ያያሉ።

«አክብሮህ እኮ ነው» ትለዋለች ሚስቱ።

«እንግዳም ይከበራል» ይላታል። «እንግዳ ግን አምሽቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። እኔ የት ልሂድ?»

ቀልድ አስመስሎ ይናገረው እንጂ አንጀቱን የሚበላው ነገር ነበር። አባቱን ገና ሳያውቀው ያጣ ሰው ነው። ሲያገባ ሚስት ብቻ ሳይሆን አባትም ያገኘ መስሎት ነበር፤ ያገኘው ግን በመጣ ቁጥር የሚነሳለት ሽማግሌ ሆነ።

አማቱ ጡረታ የወጡ ፖስተኛ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ደብዳቤ ያመላለሱባትን ሞተር ሳይክል፣ መሥሪያ ቤቱ አርጅታለች ብሎ ሊጥላት ሲል ለምነው ወስደዋት፣ ጓሮ ካለው የቆርቆሮ መጠለያ ሥር አቁመዋታል። ዓይናቸውን ሞራ ከጋረደው ወዲህ መንዳቱን ትተዋል። ቢሆንም ጠዋት ተነስተው፣ ግድግዳውን እየዳሰሱ መጠለያው ድረስ ሄደው፣ ኮርቻዋን መታ መታ ሳያደርጉላት ቁርስ አይቀርቡም።

የዓይናቸው ነገር ሲብስ ሌላ ከተማ ያለ ሆስፒታል ቀጠሮ ተያዘላቸው። ሚስታቸውና ልጃቸው አብረዋቸው ሊሄዱ ተነሱ። ቤት ጠባቂ ሆኖ የቀረው፣ ሁለት አጥር አልፎ የሚኖረው ጥርስ ሠሪው ነው። ፖስተኛው ቁልፉን ሲሰጡት እንኳ በሁለት እጃቸው ነበር፤ «ካላስቸገርንዎ» ብለው።

እነሱ በሄዱ ማግስት ጓሮውን ሊያይ ገብቶ ሞተር ሳይክሏ ፊት ቆመ። ጎማዋ ረግቧል። ሞተሯን በግራና በቀኝ የሸፈኑት የአሉሚኒየም ክዳኖች የዘመን ዘይትና አቧራ ተጋግሮባቸው ከጭቃ አይለዩም። እዚያው ቆሞ ሐሳቡ መጣለት፦ ሽማግሌው ዓይናቸው በርቶ ሲመለሱ እሷም አብርታ ትጠብቃቸው። ይህን አይተው «እርስዎ» ሊሉት አይችሉም። ቢያንስ ቢያንስ ተቀምጠው ይቀበሉታል።

መቼም ሰው የሚሰጠው ያለውን ነው። ጥርስ ሠሪው ሐኪም አይደለም፤ ሐኪሞቹ የሰውን አፍ ልኬት ይልኩለታል፣ እሱ ደግሞ ጠባብ የሥራ ክፍሉ ውስጥ ተቀምጦ ሰው ሠራሹን ጥርስ ይቀርጻል፣ ይሞርዳል፣ ይወለውላል። መስኮቱ ሥር በኤሌክትሪክ የሚሽከረከር መወልወያ አለው፤ ጫፉ ላይ ከሱፍ የተሠራ ክብ ይገጠምበታል። እዚያ ላይ ሲቀመጥ ጭረት የሚባል ነገር ጠላቱ ነው። ዓይን የሳተውን ጭረት ምላስ ታገኘዋለች፤ ካገኘች ደግሞ ቀኑን ሙሉ ስትነካካው ትውላለች፤ ደንበኛውም ማግስቱን ጥርሱን በመሐረብ ጠቅልሎ እየተሳደበ ይመጣል። ለምላስ የሚመች ሥራ የለመደ እጅ፣ አሉሚኒየም ያቅተዋል?

ከጎረቤቱ መካኒክ መፍቻ ተዋሰ። መካኒኩ «ብሎኖቹን እንዳታደባልቃቸው፤ ርዝመታቸው ይለያያል። ካርቶን ላይ በየቦታቸው ሰካቸው» ብሎ መከረው። ዘይቱን አፍስሶ ሁለቱን ክዳኖች፣ የካርቡራተሩን ገላ፣ የፍሬንና የፍሪሲዮን መያዣዎቹን ፈትቶ ወደ ክፍሉ አጋዘ።

መጀመሪያ በላምባና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ጭቅቅቱን አራገፈ፤ የጥርስ ብሩሽ እሱ ቤት ሞልቷል። ቀጥሎ በሙቅ ውሃና በሳሙና አጠበ። ከጭቅቅቱ ሥር ብጫ ሆኖ የተላላጠ ቫርኒሽ ወጣ፤ እሱን በቀለም ማስለቀቂያ አነሳው። ከቫርኒሹ ሥር ደግሞ ነጭ ዱቄት ታየ። ብረት ሲያረጅ ቀይ ዝገት ያወጣል፤ አሉሚኒየም ግን እንደ ሻገተ ግድግዳ ነጭ ነው የሚያወጣው። እዚህ ላይ ብርጭቆ ወረቀቱን ውሃ እያስነካ፣ ከሻካራው ጀምሮ ወደ ለስላሳው እየወረደ፣ ይፈትግ ጀመር። ጣቶቹ ጠቆሩ። ቆሻሻ መስሎት ስንት ጊዜ አጠባቸው፤ በኋላ ነው የሚጠቁረው አሉሚኒየሙ ራሱ መሆኑ የገባው። በሱፉ ላይ የመወልወያ ቅባት ቀብቶ የመጀመሪያውን መያዣ ሲያስጠጋው ደብዛዛው ነገር በአንድ ጊዜ አበራ። የገዛ አፍንጫው ተለጥጦ ታየው። ብቻውን ሳቀ።

የቀኙ ክዳን ላይ አንድ ጥልቅ ጭረት ነበር። ከዘይት መክፈቻው ሥር ተነስቶ ወደ ኋላና ወደ ታች ይቆለመማል። ጥርስ ሠሪው እሱን ሲያይ ደሙ ፈላ። እንዲህ ያለ ጭረት ለብቻው አይጠፋም፤ ዙሪያውን ሁሉ እኩል እየበሉ ዝቅ ማድረግ ያስፈልጋል፣ አለዚያ ጎድጓዳ ሆኖ ይቀራል። ክንዱ እስኪዝል ፈተገው። ሲጨርስ ዓይኑን ጨፍኖ አውራ ጣቱን አሳለፈበት። ምንም የለም። አንጀቱ ቅቤ ጠጣ።

ሚስቱ ወላጆቿን አንድ ቀን ቀድማ ቤት ልታሰናዳ መጣች። የአባቷ ዓይን በደህና ተሠርቷል፤ ነገ ይገባሉ። ጥርስ ሠሪው እጇን ይዞ ወደ መጠለያው ወሰዳት። ሞተር ሳይክሏ ተገጣጥማ ቆማለች፤ ፀሐይ በቆርቆሮው ቀዳዳ ገብታ ክዳኑ ላይ ትጫወታለች። ሚስቱ «ውይ!» ብላ አፏን በእጇ ያዘች። ዞራ ዞራ አየች። ቀኙ ጋ ስትደርስ ቆመች።

«የት አለ?»

«ምኑ?»

«ጭረቱ!»

«አጠፋሁት!» አለ፣ ደረቱን ነፍቶ።

ሚስቱ የተደፋ ባልዲ ላይ ቁጭ አለች። «ገደልከን» አለች። «እኔ ሳልወለድ አባባና እማማ ከዚህች ሞተር ወድቀዋል። የእማማ እግር የተሰበረው፣ ብርድ ሲሆን የምታነክሰው፣ ከዚያ ወዲህ ነው። ጭረቱም የዚያን ቀን ነው። አባባ ማንንም አያስነካም። አንዴ አንድ መካኒክ በነጻ ላጥፋልዎት ቢለው ሥራውን አስጥሎ ሞተሯን እየገፋ ወደ ቤት አመጣት። ዓይኑ ከተያዘ ወዲህ እንኳ ጠዋት ጠዋት በጣቱ ይዳብሰዋል።»

ጥርስ ሠሪው የለሰለሰውን ክዳን ዳበሰ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ የእሱስ የሚለቀምም አይደለም። የጠፋ አሉሚኒየም በዱቄት መልክ የመታጠቢያው ቱቦ ውስጥ ወርዷል። ከእንግዲህ ሽማግሌው እንደ እንግዳም አይቀበሉት ይሆናል። ያቺ «እባክዎ ይቀመጡ» ራሷ ናፈቀችው።

«መልሰው» አለች ሚስቱ ድንገት።

«ምኑን?»

«ጭረቱን ነዋ! ድዱ ባዶ ለሆነ ሰው ጥርስ የምታወጣ ሰውዬ አንድ ጭረት ያቅትሃል?»

አሁን ይሄ ምክር ነው? ምክር አልነበረም። ግን የጨነቀው ምን አይሠራ! ለዚያውም ሰውዬው በዚህ በኩል የታወቀ ነው። ሰው ሠራሽ ጥርስ ከመጠን በላይ ካማረ ውሸቱ ያስታውቃል፤ ስለዚህ እሱ አንዷን ጥርስ ትንሽ ያዛንፋል፣ ሌላዋን ትንሽ ያወይባል፣ ደንበኛውም ሲስቅ ማንም አይጠረጥርም። ከባልና ሚስቱ የሠርግ ፎቶዎች መካከል ፖስተኛው ሞተራቸውን ተደግፈው የተነሱት፣ ጭረቱም የሚታይበት ተገኘ። ፎቶውን ግድግዳው ላይ ለጥፎ፣ ጭረቱን በእርሳስ ነድፎ፣ በጥርስ መቦርቦሪያው ጫፍ ከኋላ ጀምሮ ወደ ፊት፣ እጁ እንደሚመቸው ቀረጸው። ጥላሸትና ዘይት ቀላቅሎ ቀባው። ሚስቱ ከፎቶው ጋር አስተያይታ «አንተ ሰው፣ መታሰር ያለብህ ነህ» አለችው። በሥራው ኮራ፤ በራሱ ግን አፈረ።

በማግስቱ ፖስተኛው ጥቁር መነጽር አድርገው ገቡ። ዓይን የበራለት ሰው አያድርስ ነው። «ይሄ ግድግዳ መቼ ተሰነጠቀ?» አሉ። «ይሄ መጋረጃ አረንጓዴ ነው እንዴ? እኔ ግራጫ ይመስለኝ ነበር።» ወደ ሚስታቸውም ዞረው «አንቺ፣ ይሄ ሁሉ ሽበት ከየት መጣ?» ቢሉ «አንተ ሳታይ ነው ያበቀልኩት» አሏቸው እማማ። ሁሉም ሳቁ። ጥርስ ሠሪው ብቻ፣ ይህ ሁሉን የሚያይ ዓይን ወደ ጓሮ ሲዞር እየታየው፣ ሳቁ አፉ ላይ ደረቀ። ሰውዬው ማየት በጀመሩበት ቀን ሊያታልሏቸው መነሳት!

ፖስተኛው ወደ ጓሮ ወጡ። ባልና ሚስቱ ተከተሏቸው። መጠለያው ደጃፍ ላይ ሲደርሱ ቆሙ፤ ቀስ ብለው መነጽራቸውን አወለቁ።

«እርስዎ ነዎት?» አሉ።

«አዎ፣ አባባ።»

«እጅዎ ይባረክ።»

ቀረብ ብለው መያዣዎቹን ነካኩ፣ ካርቡራተሩን ጎንበስ ብለው አዩ። ከዚያ በቀኝ በኩል ቁጢጥ አሉ። አውራ ጣታቸው ልማዷ ነውና ጭረቱ ላይ አረፈች። አንዴ ወደ ኋላ አስኬዷት። አንዴ ወደ ፊት። ደግመው ወደ ኋላ።

«ይሄን ማን ጫረው?»

«የድሮው ነው እኮ አባባ» አለች ልጃቸው፣ ፈጠን ብላ። «ስለጸዳ ነው አዲስ የመሰለህ።»

«የድሮውማ አይደለም።» ቀና አላሉም። «እኔ የወደቅኩት ወደ ፊት ስነዳ ነው። አስፋልቱ አሉሚኒየሙን ወደ ኋላ ነው የገፋው፤ የተገፋው ጠርዝ ጣቴን የሚይዘኝ በዚህ በኩል ነበር። ይሄኛው በተቃራኒው ይይዘኛል። ይሄ ወደ ኋላ ሲነዳ የወደቀ ሰው ጭረት ነው። እስቲ ንገሩኝ፣ ወደ ኋላ የሚነዳ ፖስተኛ አይታችሁ ታውቃላችሁ?»

ሌላ ቀን ቢሆን ያስቅ ነበር። ጥርስ ሠሪው ሚስቱ ሌላ ውሸት ልትጨምር አፏን ስትከፍት አያትና ወደ ፊት ራመድ አለ።

«አባባ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ስወለውል የድሮውን አጠፋሁት። ምን እንደሆነ አላወቅኩም ነበር። ሳውቅ ፈራሁና ከፎቶ አይቼ ደግሜ ሠራሁት። እሷ የለችበትም።»

ፖስተኛው ቀና ብለው አዩት። «አጠፉት?»

«አዎ።»

«ጨርሶ?»

«ጨርሶ። በጣትም አይገኝም ነበር።»

«ከዚያስ... መልሰው ጫሩት?»

«አዎ፣ አባባ።»

ፖስተኛው ጉልበታቸውን ይዘው ተነሱ። ፊታቸው ቀላ።

«አንተ ደንቆሮ!» አሉት። «አንተ የደንቆሮዎች አለቃ! ዕድሜዬን ሙሉ ጠፍቶልኝ ባየሁ እያልኩ የኖርኩትን ነገር፣ ስንት ለፍተህ ካጠፋህልኝ በኋላ መልሰህ ትጭራለህ? ጤና የለህም እንዴ አንተ ልጅ?»

ጥርስ ሠሪው ስድቡን እንደ ቀዝቃዛ ውሃ ጠጣው። ደንቆሮ ተባለ፣ የደንቆሮም አለቃ ተባለ፣ ልጅ ተባለ፤ በአንድ ትንፋሽ ሹመቱ ሁሉ ተገፎ ከሰፈሩ ጎረምሶች ተራ ገባ። ደስታው ፊቱ ላይ እንዳይታይበት አንገቱን ደፋ፤ ፖስተኛው የተጸጸተ መስሏቸው ትንሽ ጨመሩለት።

«አባባ፣ ማንንም አላስነካም የምትለው አንተ አይደለህ እንዴ?» አለች ልጃቸው ግራ ገብቷት።

«እኔ ነኝ! ግን እናትሽ አዝዛኝ ነው!»

እማማ ጩኸት ሰምተው የጓሮውን በር ተደግፈው ቆመው ነበር። «እኔ?» አሉ። «እኔ ምን አዘዝኩ?»

«ሆስፒታል፣ እግርሽ በጀሶ ታስሮ፦ ‹ጭረቱን እንዳታስጠፋው፤ በየቀኑ እያየኸው ቀስ ብለህ ንዳ› አላልሽኝም?»

እማማ አሰቡ። «ብዬ ይሆናል» አሉ በመጨረሻ። «እግሩ የተሰበረ ሰው ምን የማይለው አለ? እኔማ አንተ የምታቆየው ለኔ መስሎኝ ነው።»

«ለምንሽ?»

«ለሻርፔ ነዋ።» ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ሻርፔን ነፋስ አንስቶት ዓይንህን ሸፍኖህ አይደል የወደቅነው? አንድ ቀን በአፍህ አላነሳህብኝም። በአፉ ባይናገረኝ በጭረቱ እያሳየኝ ነው እል ነበር። ታዲያ እዚህ መጠለያ ለምን አልገባም መሰለህ? ከዚያ ወዲህስ ሻርፕ አድርጌ አይተኸኝ ታውቃለህ?»

የፖስተኛው አዲስ ዓይን እንባ አቀረረ።

«ምን ሻርፕ ነው የምታወሪው?» አሉ። «ሻርፕ የሚባል ነገር አላየሁም። እኔ የማየው ፖስታ ቤቱ ደጃፍ የቆሙትን ጓደኞቼን ነበር። ሚስቴን ይዤ ስበር እንዲያዩኝ ብዬ መታጠፊያው ላይ እጄን አንስቼ ሰላም አልኳቸው። በአንድ እጄ ነበር የምነዳው። ይሄን ለማን ይነግሩታል? ጭረቱን ባየሁ ቁጥር ያቺ የተነሳች እጄ ናት የምትታየኝ።»

«እጅህን አንስተህ?»

«አዎ።»

«እኔን ከኋላ ጭነህ?»

«አዎ አልኩሽ እኮ። ይቅር በይኝ።»

እማማ መጠለያው ውስጥ ገቡ። ልጃቸው መግባታቸውን ስታይ ይህ ነው የመጀመሪያዋ። የባላቸውን ትከሻ በጡጫ መቱ፣ ደግመውም መቱ፤ ከዚያ ግንባራቸውን እዚያው በመቱት ትከሻ ላይ አሳረፉ። ሲስቁ ይሁን ሲያለቅሱ ከኋላ ለቆመ አይለይም ነበር። «እኔ ሞኝ» ይላሉ፤ «የኔ መስሎኝ፣ የኔ መስሎኝ።» ፖስተኛውም ጀርባቸውን እየዳበሱ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ፤ ለዓመታት ተሸክመውት የኖሩትን ከረጢት ያወረዱ ያህል ትከሻቸው ወረደ። ጥርስ ሠሪውና ሚስቱ የት እንደሚያዩ ጠፍቷቸው ጎማውን ያዩ ነበር።

«አንተ!» አሉ ፖስተኛው፣ አፍንጫቸውን ጠርገው። «ምን ትገተራለህ? መፍቻ አምጣ!»

ዘይቱ ፈሰሰ፣ ብሎኖቹ ካርቶናቸው ላይ ተሰኩ፣ አራቱም ክዳኑን ይዘው ሁለቱን አጥር አልፈው ወደ ጠባቧ ክፍል ገቡ። ፖስተኛው ብርጭቆ ወረቀቱን ለማንም አልሰጥም አሉ። ውሃ እያስነኩ ራሳቸው ፈተጉ።

«አይጫኑት አባባ፣ ወረቀቱ ራሱ ይበላዋል።»

«አታስተምረኝ።»

«ዙሪያውንም እኩል ያውርዱት፣ አለዚያ ይጎደጉዳል።»

«ዝም በል አልኩህ፣ አንተ ለፍላፊ!»

ዝም አለ፤ በዚያ ዝምታ የተሰማውን እፎይታ ግን ዕድሜ ልኩን ሰምቶት አያውቅም። መወልወያው ሲነሳ ሱፉ ክዳኑን ከሽማግሌው እጅ ሊነጥቅ ሆነ። ጥርስ ሠሪው ከኋላቸው ቆሞ እጆቹን በእጆቻቸው ላይ አደረገ፤ ፖስተኛውም አልገፉትም። ጥላሸቱ ሄደ። ከዚያ ጭረቱ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ሄደ።

ማሽኑ ሲቆም ፖስተኛው ክዳኑን በሸሚዛቸው ጫፍ ጠርገው ለሚስታቸው ዘረጉላቸው። እማማ አልተመለከቱትም። ዓይናቸውን ጨፈኑና አውራ ጣታቸውን አስቀምጠው አንዴ ወደ ፊት፣ አንዴ ወደ ኋላ አስኬዱት።

«የለም» አሉ።

«እስቲ ደግመሽ ፈልጊ።»

ደግመው ፈለጉ፤ ቀስ ብለው፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ።

«የለም አልኩህ።»